ፀጉሩን ውሃ ሳይነካው ያንሱት

ጥያቄ፦ «ከግቢ ቤት ወጥተን ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ከገባን አምስት ወራችን ነው። ውሻችን ጃክ የጀርመን ሸፐርድ ድቅል ነው። ድሮ የሚያድረው ውጭ ነበር፤ አሁን ሳሎን ነው። ወለሉን በቀን ሁለቴ እጠርጋለሁ፣ የቬልቬት ሶፋችንን በየሳምንቱ በላርጎ አሻለሁ። ፀጉሩ ግን አላልቅ አለኝ። ጭራሽ ሶፋው መሽተት ጀመረ። አማቴ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቅ ይላሉ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ይቆማሉ እንጂ አይቀመጡም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ አማትዎን አይቀየሟቸው። ነጭ ነጠላ ላይ ጥቁር የውሻ ፀጉር ተሸክሞ መሄድ ማን ይወዳል? ሶፋና ምንጣፍ እያጠብኩ መተዳደር ከጀመርኩ 14 ዓመት አልፎኛል። ጥያቄዎን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ጃክ ላይ ሳይሆን ላርጎው ላይ ነው።

እኔም ሥራውን ስጀምር ያጠፋሁት ይህንኑ ነው። ሁለት ውሻ ያለበት ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ሶፋው ፀጉር በፀጉር ሆኗል። ታጥቦ ይለቃል ብዬ ውሃና ሳሙና ለቀቅኩበት። ፀጉሩ እየተጠቀለለ ስፌት ለስፌት ገባ። የማሽኔ ቱቦ ተደፈነ። ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ በስቴኪኒ ስጎረጉር አመሸሁ። ባለቤትየዋ ከበላዬ ቆመው ያዩኛል። ከዚያ ወዲህ ፀጉር ያለበት ዕቃ ላይ ውሃ አፍስሼ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእንስሳ ፀጉር በጣም ጥቃቅን በሆነ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። እርጥበትና እሽት ሲያገኝ እርስ በርሱ ይያያዛል። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ሲጠብና ሲጠጥር አይተው ይሆናል፤ ያው ነው። የጀርመን ሸፐርድ ፀጉር ደግሞ ድርብ ነው። ላዩ ረዘምና ሻከር ያለ ነው፤ ታቹ እንደ ጥጥ የለሰለሰ። ሶፋ ውስጥ የሚቀበረው በብዛት ያ የታችኛው ነው። እርስዎ በየሳምንቱ ሲያሹት ጨርቁ ውስጥ እየሸመኑት ነው ማለት ይቻላል። ሽታውም ከዚሁ ይመጣል። የሶፋው ስፖንጅ ሳይደርቅ ሌላ ውሃ ይጨመርበታል። ያልታጠበ ሳሙና ይቀርበታል፤ እሱ ደግሞ ቆሻሻ ይጠራል።

ስለዚህ ላርጎው ለጊዜው ይቀመጥ። መስኮት ይክፈቱ፣ ትራሶቹን ያቁሙና ሶፋው ሁለት ሦስት ቀን በደንብ ይድረቅ።

ሲደርቅ የሚያስፈልግዎ ዕቃ የሚታጠብበት የጎማ ጓንት ነው። ውድ ነገር አይፈልጉ። ጓንቱን አጥልቀው ሶፋውን ወደ ራስዎ፣ በአጭር በአጭሩ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሳቡት። ወዲያና ወዲህ ካሹት ይመልሱታል። ፀጉሩ እየተንከባለለ እንደ ባዘቶ ይሰበሰባል፤ በእጅዎ ያነሱታል። ስፌቱን በደረቅ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይቆስቁሱት። ለምንጣፍ የመስኮት መስታወት የሚጠረግበት ጎማ ከጓንት ይበልጣል። ጫን ብለው ወደ ራስዎ ይጎትቱት። መጀመሪያ ቀን ከምንጣፉ የሚወጣውን ሲያዩ ሌላ ውሻ ያገኙ ይመስልዎታል።

በበጋ አየሩ ሲደርቅ ፀጉሩ በኤሌክትሪክ ሙል ጨርቁ ላይ ሙጭጭ ይላል። ያኔ ጓንቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉት። የምልዎ ወዝ ያህል ነው፤ የሚንጠባጠብ አይደለም።

ቫኪዩም ካለዎት ተራው ከዚህ በኋላ ነው። ሰው ቫኪዩምን እንደ መጥረጊያ ያሯሩጠዋል። ቀስ ይበሉ። አንድ ጊዜ በቁመት፣ አንድ ጊዜ በአግድም ይሂዱበት። የሚሽከረከር ብሩሽ ካለው ሴራሚክ ላይ ያጥፉት፤ ፀጉሩን ከመምጠጥ ይልቅ ይበትነዋል። ሲጨርሱ ከሶኬት ነቅለው ብሩሹ ላይ የተጠመጠመውን በመቀስ ይቁረጡት። የመሳብ አቅሙ ሲደክም ወይም ሲቃጠል የሚሸት ነገር ሲመጣ ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ የሞላ ከረጢት ወይም የተደፈነ ፊልተር ነው። ቤት ውስጥ የሚያስነጥሰው ሰው ካለ ሄፓ የሚባለው፣ በጣም ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ፊልተር ያለው ማሽን ይሻላል። የውሻ አለርጂ ዋና መነሻው ፀጉሩ ሳይሆን ከቆዳው የሚረግፈው ቅርፊትና ምራቁ ነው፤ ያ ደግሞ ለዓይን አይታይም።

ወለሉ ላይ ደረቅ መጥረጊያውን ይተውት። በቀን ሁለቴ ይጠርጋሉ ማለት በቀን ሁለቴ ፀጉሩን ከወለል ወደ ሶፋ ያዛውራሉ ማለት ነው። ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ እርስዎ ዞር ሲሉ ተመልሶ ያርፋል። መጥረጊያውን በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ይጠቅልሉትና ከጥግ ወደ በር፣ ከወለሉ ሳያነሱ ይግፉት። ከሶፋው ሥር ይጀምሩ። ፀጉሩ ከተነሳ በኋላ እንደ ልማድዎ ይወልውሉ።

አሁን ወደ ጃክ። እውነቱን ልንገርዎ፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ማበጠሪያው ላይ የቀረ ፀጉር ሶፋዎ ላይ አይደርስም። ለድርብ ፀጉር የሚሠራ፣ ጥርሱ ረዘም ያለ የውሻ ማበጠሪያ ይግዙ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ይበቃል። እንዲህ ያለ ውሻ ዓመቱን ሙሉ ያራግፋል፤ በተለይ የሚብስበት ወቅትም አለው። ያኔ በየቀኑ ያበጥሩት። በረንዳ ላይ ግን እንዳያበጥሩት! ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጎረቤትዎ ልብስ አስጥተው ይሆናል። መሬት ይዘውት ይውረዱ፣ የወጣውን በፌስታል ሰብስበው ይጣሉ።

«ላጪውና ተገላገይ» የሚል ምክር መስማትዎ አይቀርም። አይላጩት። ድርብ ፀጉሩ ከብርድም ከፀሐይም ይከልለዋል፤ ከተላጨ በኋላም እንደ ነበረው ላይመለስ ይችላል። እጥበቱም አይብዛ። ካልቆሸሸ በወር አንዴ፣ ከዚያም አልፎ ቢቆይ ችግር የለውም። በውሻ ሻምፑ ይጠቡት። የእኛ ሳሙናና ላርጎ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ሲያከው ደግሞ የበለጠ ይረግፋል። ከእጥበት በፊት ማበጠር ግዴታ ነው፤ ምክንያቱን አሁን ያውቁታል። ፀጉሩ በክብ በክቡ ከተመለጠ ወይም ማከክ ካበዛ ግን ጉዳዩ ከጽዳት ወጥቷል። ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ጭርት ከሆነ ለሰውም ይተርፋል።

ለጃክ የራሱ መተኛ ይስጡት። አሮጌ ጋቢ አይሁን፤ የጋቢ ድር ለፀጉር ወጥመድ ነው። ለስላሳ አንሶላ ይሻላል። ከማጠብዎ በፊት ውጭ በደረቁ ያራግፉት። ነጠላም ቢሆን ሳይታጠብ በፊት ሰፊ ፕላስተር እጅዎ ላይ ገልብጠው ጠቅልለው መታ መታ ያድርጉት፤ ፀጉሩን ያነሳዋል። ጃክን መታጠቢያ ቤት ሲያጥቡ የፍሳሹ ቀዳዳ ላይ የአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ ያድርጉ። ፀጉርና ሳሙና ተባብረው የሚደፍኑትን ቱቦ ማስከፈት ውድ ነው፤ በኮንዶሚኒየም ደግሞ ጣጣው ከታች ላለው ጎረቤት ጣሪያ ይተርፋል።

ስለ ሽታው አንድ ነገር ልጨምር። ጃክ ውጭ የለመደ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሸንቶ ይሆናል። በረኪና እንዳያፈሱበት። በረኪና ከሽንት ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል፤ ከአቼቶ ጋርም እንዲሁ። ሽንቱን በደረቅ ጨርቅ ተጭነው ይምጠጡት። ከዚያ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅለው በጨርቅ ነካ ነካ ያድርጉና ያድርቁት። ቬልቬቱ ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ይሞክሩት። ቫኪዩም ካለዎት በደረቀው ሶፋ ላይ ቢካርቦኔት ነስንሰው አሳድረው ጠዋት ይምጠጡት። ከሌለዎት ግን ይተዉት፤ ዱቄቱ ራሱ ሌላ ሥራ ይሆንብዎታል።

ጓንቱን በሳምንት ሁለቴ፣ ማበጠሪያውን ሳያቋርጡ ከያዙ በወር ውስጥ ለውጡን ያያሉ። ፀጉሩ ፈጽሞ አይጠፋም። እስከዚያ ለአማትዎ አንድ የእንጨት ወንበር ለይተው ያስቀምጡላቸው፤ ጃክ የማይደርስበት።

ሶፋው ከዚህ ሁሉ በኋላም ከሸተተ ባለሙያ ይጥሩ፤ እስከ ስፖንጁ ድረስ መታጠብ ያስፈልገው ይሆናል። የሚመጣው ሰው መጀመሪያ በደረቁ ሲመጥ ካዩት ይተዉት፣ ይሥራ። ገና ከበር ሲገባ «ባልዲ የታለ?» ካለ ግን ሻይ ጋብዘው ይሸኙት።