ቲማቲሜ ቢጫ ሆነ፣ ናኖ ብረት ልግዛለት ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መቂ ነው ያለሁት፣ ግማሽ ሄክታር ቲማቲም በመስኖ አለኝ። ከላይ ያለው ለጋ ቅጠል ቢጫ እየሆነብኝ ነው፣ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ነው። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው ናኖ ማግኔት ብረት ነው፣ ማዳበሪያ ነው እያለ ጥቁር ዱቄት ይሸጣል፣ ዋጋው አይቀመስም። ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚማረው ልጄ ደግሞ አባዬ እኔ እሰራዋለሁ አለኝ። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ከልጅዎ ልጀምርና እውነቱን ነው፣ መስራት ይችላል። ፌረስና ፌሪክ የሚባሉ ሁለት አይነት የብረት ጨዎች አንድ ለሁለት ሆነው ውሃ ውስጥ ይሟሟሉ፣ ከዛ እየተማሰለ አሞኒያ ሲገባበት ወዲያው ጥቁር ይላል፣ ያ ጥቁሩ ማግኔታይት የሚባል ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ሻጩ ናኖ ማግኔት ብረት የሚለውም እሱን ይመስለኛል። ከብርጭቆው ስር ማግኔት ሲያስጠጉ ጥቁሩ ሁሉ ወደ ማግኔቱ ይሰበሰብና ውሃው ኩልል ብሎ ይቀራል፣ እኔ ተማሪ ሆኜ መጀመሪያ ያየሁ ቀን አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት። አንዷ ቅንጣት 10 ናኖሜትር ገደማ ናት፣ አንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህ ቦታ ቢከፈል አንዷ ማለት ነው። አየር ሲያገኘው ወደ ቡኒ ስለሚሄድ ናይትሮጅን ጋዝ እየነፉበት ነው የሚሰሩት። ላብ ውስጥ ብቻ ግን፣ አሞኒያው አይንና ሳንባ ስለሚያቃጥል ወጥ ቤት እንዳይሞክረው አደራ።

ማዳበሪያ ይሆናል ወይ ካሉኝ፣ ለእርስዎ ማሳ አይመስለኝም። ከተበላሸ ስፒከር ያወጡትን ማግኔት በፌስታል ጠቅልለው ጎርፍ ያመጣው አሸዋ ላይ ይጎትቱት፣ እንደ ጥቁር ጸጉር የሚለጠፍበት ያው ማግኔታይት ነው፣ የናንተ አገር አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ ስለሆነ በነጻ ሞልቶታል። ብረት አልጠፋም፣ ተቆልፎ ነው እንጂ። የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲዱ ይቀንሳል) ከ7.5 ሲያልፍ ብረት አይሟሟም፣ ቲማቲም ደግሞ የሚጠጣው የሟሟውን ነው። ሥሩ ራሱ አሲድ እያወጣ ሊያሟሟው ይሞክራል ግን አፈሩና የመስኖው ውሃ ባይካርቦኔት የሚባለው አሲድ የሚያከሽፍ ጨው ከበዛባቸው አሲዱን ይገድሉበታል፣ ውሃ ሲያበዙ ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚ መጀመሪያ ከአንዱ ማጠጣት እስከ ሚቀጥለው ያለውን ቀን ያራዝሙት። ናኖው ደቃቅ ስለሆነ ከተራው ዱቄት ትንሽ የተሻለ ይሟሟል፣ በፈረንጆቹ 2016 ቻይና ውስጥ ማግኔታይት ሳይሆን ሌላ አይነት ናኖ የብረት ኦክሳይድ አሸዋማ አፈር ላይ ለኦቾሎኒ ተሞክሮ እድገቱን አሻሽሏል፣ ውሸት አይደለም። ግን እሱ በድስት የተደረገ ሙከራ ነው፣ ግማሽ ሄክታር ሌላ ነገር ነው፣ ምን ያህል እንደሚጨመር ሻጩም የሚያውቅ አይመስለኝም።

የናኖው ትክክለኛ ቦታ ሌላ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ከቅጠል ወይ ከደም ዲኤንኤ ለቅሞ ለማውጣት ይጠቀሙበታል፣ ኤምአርአይ ላይ ለምስል ማጥሪያ ሆኗል፣ አርሴኒክ ያለበትን ውሃም ያጸዳል፣ መርዙ ቅንጣቷ ላይ ይጣበቅና በማግኔት ተስቦ ይወጣል።

አሁን ወደ ማሳው። ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ፣ ነጭ ዝንብ ካለና ጫፉ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ተክሉ ከቀጨጨ ቫይረስ ነው፣ ምንም ብረት አያድነውም፣ የታመመውን ነቅለው አውጥተው ዝንቧን መቆጣጠር ነው። ቢጫው ከታች ካለው አሮጌ ቅጠል ከጀመረ የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል። እርስዎ እንዳሉት ለጋው ላይ ሆኖ ጅማቱ አረንጓዴ ከሆነ ግን የብረት እጥረት የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። ለዚህ ፌረስ ሰልፌት የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የብረት ጨው ይበቃል፣ ከናኖው ጋር ዋጋው አይወዳደርም። በ1 ሊትር ውሃ 5 ግራም ማለትም 20 ሊትር በሚይዘው የጀርባ መርጫ 100 ግራም፣ ከዛ አይብለጥ ቅጠል ያቃጥላል፣ በጊዜ ጠዋት ወይ ፀሐይ ከቀዘቀዘ በኋላ ይርጩት፣ በጥብጠው አያሳድሩት ይዝጋል። በአፈር ልስጥ ካሉ ብረቱን እንዳይቆለፍ አቅፎ የሚይዝ ነገር ያለበትን፣ ኢዲዲኤችኤ የሚል የተጻፈበትን ይግዙ፣ ኢዲቲኤ የሚለው በእንዲህ አይነት አፈር ላይ ብረቱን ቶሎ ይለቀዋል። ኖራ ደግሞ እንዳይበትኑ፣ እሱ ለአሲዳማ አፈር ነው።

ሁሉን ማሳ ከመርጨትዎ በፊት ግን አንድ መደብ ብቻ ይሞክሩ። በሳምንት በ10 ቀን ውስጥ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ አረንጓዴ ከመጣ ብረት ነው፣ በየ2 ሳምንቱ ይድገሙት። ካልመጣ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።