ፈጣኑ ይሻላል ወይስ ርካሹ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መጦሪያ) ውስጥ ሲኤንኤ፣ ማለትም ረዳት ነርስ፣ ሆኜ እሠራለሁ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ቅድመ ኮርሶቼን (ፕሪሪኩዚት) ሞንጎመሪ ኮሌጅ ጨርሼ ለነርሲንግ ዲግሪ ሁለት ቦታ ተቀብለውኛል። አንደኛው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርሲንግ ትምህርት ቤት ነው፣ ሮክቪል ባለው የሼዲ ግሮቭ ካምፓስ። ሁለተኛው ለቤቴ የሚቀርብ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የግሉ ማታና ቅዳሜና እሑድ ያስተምራል፣ በአንድ ሴሚስተርም ቀድሞ ያልቃል፣ ክፍያው ግን ከእጥፍ በላይ ነው። ጓደኞቼ «ቶሎ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ሁኚ፣ ብሩ ይመለሳል» ይሉኛል። የግሉ ትምህርት ቤት ሰውዬም በየሁለት ቀኑ እየደወለ «ቦታው እንዳያመልጥሽ» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
ግራ የገባት እህታችሁ

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ልጅ እያሳደጉ፣ ሥራ እየሠሩ አናቶሚና ኬሚስትሪ መጨረስ ቀልድ አይደለም።

እኔን ከጠየቅሽኝ ሼዲ ግሮቭ ግቢ። ግን ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ጓደኞችሽ የሚያዩት ስንት ወር እንደሚፈጅ ነው። አንቺ መጠየቅ ያለብሽ ግን አብረው ከጀመሩት ተማሪዎች ስንቱ በጊዜው እንደጨረሱ ነው። የሜሪላንድ የነርሲንግ ቦርድ ከየትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች ስንት በመቶው ኤንክሌክስን፣ ማለትም የነርስነት ፈቃድ ፈተናውን፣ በመጀመሪያ ሙከራ እንዳለፉ በየዓመቱ ያወጣል፣ ሁለቱንም እዚያ ላይ ፈልጊያቸው። ስታወዳድሪ ታዲያ ዓመቱ አንድ ይሁን። በ2022 እዚህ አገር ከተማሩት መካከል በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉት 80 በመቶ ገደማ ነበሩ። ፈተናው በኤፕሪል 2023 ተቀየረ፣ በ2024 አማካዩ ወደ 91 በመቶ ወጣ። ስለዚህ አንድ ትምህርት ቤት «በ2024 ተማሪዎቻችን 88 በመቶ አልፈዋል» ብሎ ቢፎክርልሽ ከአማካዩ በታች ነው ማለት ነው።

ይሄ ቁጥር ደግሞ የሚቆጥረው ለፈተና የተቀመጡትን ብቻ ነው። መንገድ ላይ የቀሩት የሉበትም። ብዙ ቦታ ሁለት የነርሲንግ ኮርስ ከወደቅሽ ትሰናበቻለሽ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ደግሞ በመጨረሻው ሴሚስተር የራሱን መውጫ ፈተና ያስቀምጣል፣ የተባለውን ነጥብ ካላመጣሽ ለኤንክሌክስ አያሳልፍሽም፤ ክፍሉን ጨርሰሽ፣ ገንዘቡን ከፍለሽ፣ ቤትሽ ቁጭ ማለት ነው። እዚህ ከተማ ነርሶች የሚገናኙበት ድግስ ላይ ጠይቂ፣ አንድ እንደዚህ የሆነ ሰው የማያውቅ አታገኚም። ለዚያ ለሚደውልልሽ ሰውዬ እነዚህን ጥያቄዎች በኢሜይል ላኪለት፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠብቂ። በስልክ ብቻ ካወራሽ ያንኑ «ቦታው እንዳያመልጥሽ» ነው የምትሰሚው።

ዕውቅናውንም አጣሪ። የቦርዱ ፈቃድ ለፈተናው ያስቀምጥሻል፣ ነገር ግን ፕሮግራሙ ሲሲኤንኢ ወይም ኤሲኢኤን የሚባለው ዕውቅና ከሌለው ነገ ለማስተርስ ስታመለክቺ ወይም የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሥራ ስትጠይቂ በር ይዘጋብሻል።

ወደ ብሩ እንምጣ። «ይመለሳል» የሚለው እውነት ነው፣ አርኤን ከሆንሽ። ካልሆንሽም ዕዳው አይቀርም። ፋፍሳ (የመንግሥት የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ) ሞልተሽ የምታገኚው ፔል ግራንት፣ የማይመለሰው እርዳታ፣ ቢበዛ በዓመት 7,395 ዶላር ነው። የመንግሥቱ ብድር ደግሞ እንደ አንቺ ላለች ባለትዳር፣ ሦስተኛ ዓመት ከደረሰች፣ በዓመት ከ12,500 አይበልጥም። የግሉ ክፍያ ከዚያ ሲያልፍ የባንክ ብድር ይመጣል፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኮሳይነር፣ ማለትም አብሮሽ ፈርሞ ዋስ የሚሆን ሰው፣ ይፈልጋል። ማን ነው የሚፈርምልሽ? ባልሽ ወይ ወንድምሽ። ከዚያ አንድ ኮርስ ስትወድቂ የምትጨነቂው ለራስሽ ብቻ አይሆንም።

ያም ሆኖ የግሉ ሰዓት እንደሚመችሽ ይገባኛል፣ ሲኤንኤ ሆኖ ቀን መማር ከባድ ነው። ግን የማታ ክፍል ማለት የማታ ክሊኒካል (የሆስፒታል ልምምድ) ማለት ላይሆን ይችላል። ክሊኒካሉ በየትኛው ሆስፒታል፣ በስንት ሰዓት፣ ከቤትሽ በምን ያህል ርቀት እንደሆነ ጠይቂ። በጠዋት ትራፊክ የ495ን አውራ ጎዳና ታውቂዋለሽ። ሼዲ ግሮቭ ከገባሽ ለአለቃሽ ቅዳሜና እሑድ ብቻ መሥራት እንደምትፈልጊ ከአሁኑ ንገሪያት፣ ብዙ ነርሲንግ ሆም ለዊክኤንድ ሰው ይቸግረዋል። እሑድ ሌሊት ደብል (ሁለት ፈረቃ በተከታታይ) ሠርተሽ ሰኞ ጠዋት ክሊኒካል ልሂድ እንዳትይ ብቻ፤ እንቅልፍ አጥቶ መድኃኒት የሚሰጥ ተማሪ ለታማሚውም ለራሱም አደጋ ነው።

የግሉን የምመርጥልሽ በአንድ ሁኔታ ነው፦ የጨረሱት ቁጥር ጥሩ ከሆነ፣ ዕውቅናው ካለ፣ እና ባልሽ ቀን ሲሠራ ልጆቹን የሚይዝልሽ ሰው ጭራሽ ከጠፋ። ያኔም ቢሆን አሠሪሽ ለትምህርት የሚከፍለው ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ሂውማን ሪሶርስን ጠይቂ፣ በምትኩ ስንት ዓመት እንደሚያስርሽም አንብቢ።

የግሉ ዲፖዚት (ቦታ ለመያዝ የሚከፈለው) የሚመለስ መሆን አለመሆኑን ሳታጣሪ ደግሞ የካርድሽን ቁጥር በስልክ እንዳትሰጪ።