«እናቴ ምንም አላመማትም፤ ሙሉ ምርመራ ላስደርጋት ወይ?» ለሚለው ጥያቄ

ሰላም እህቴ። እናትሽ 66 ዓመታቸው እንደሆነ፣ ጎንደር አዘዞ እንደሚኖሩና «ምንም አላመመኝም» እንደሚሉ ጽፈሻል። «ሙሉ ምርመራ» ተብሎ ደም ተቀድቶ፣ አልትራሳውንድ ተነስቶ በአንድ ቀን የሚያልቀው ነገር ያን ያህል አይረዳቸውም። ጥቂት ነገር በትክክል ተለክቶ፣ በደብተር ተጽፎ፣ በየጊዜው ሲደገም ይሻላል። ከዚያ ገንዘብ ላይ ቀንሰሽ ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ ግዢላቸው። አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ ይሳሳታል።

ከሁሉም በፊት ግፊት ነው፤ ራስ ምታት ሳይኖር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሊቆይ ይችላል። የሚበላሸው አለካኩ ላይ ነው። ዳገት ወጥተው እንደደረሱ፣ ወይም ከአቦል እስከ በረካ ጠጥተው ወዲያው ከተለኩ ቁጥሩ ይዋሻል። ከቡናው ግማሽ ሰዓት ይለፍ። መጀመሪያ ሽንት ቤት ይሂዱ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ወንበር ላይ ደግፈው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ወሬም አይወራ። ማሰሪያው በቀሚስ እጅጌ ላይ ሳይሆን ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ እጅጌው ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንዱን ካነቀም ቁጥሩ ያው ይዋሻል። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይረፍ። ማሰሪያው ለክንዳቸው ከጠበበ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ጠዋትና ማታ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ እስከ 7 ቀን ጻፉ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሪውን አማካይ አውጡ። ቤት ውስጥ 135/85 ወይም በላይ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጤና ጣቢያ ሲለካ መነሻው 140/90 ነው። 180/120 ደርሶ ከደረት ሕመም፣ ከአፍ መጣመም ወይም ከአንድ ጎን መዛል ጋር ከመጣ ግን 7 ቀን አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ማንም የማይለካው ደግሞ ቆሞ የሚለካው ነው። ተቀምጠው ከተለኩ በኋላ ይነሱ፤ በ1ኛው እና በ3ኛው ደቂቃ ድገሙት። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪም ይነገር። የግፊት ኪኒን የጀመሩ እናቶች ሌሊት ተነስተው፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ቅዳሴ ሲቆሙ ዓይናቸው የሚጨልመው በዚህ ነው። በዚህ ዕድሜ ወድቆ ዳሌ መሰበር ከራሱ ከግፊቱ ባልተናነሰ ይጎዳል። ከአልጋ ሲነሱ ጠርዙ ላይ ትንሽ ቁጭ ይበሉ፤ ምርኩዝም ቢይዙ አያፍሩበት።

ጨው ላይ፦ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚመከረው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ፣ ሁሉም ተደምሮ። ችግሩ በርበሬውና ምጥን ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት፣ ወጡ ሲሠራ ደግሞ እንደገና መጨመሩ ነው። ለእሳቸው የሚሆነውን ያለ ጨው አስፈጩት። ቡና ላይም ጨው የሚያደርጉ ከሆነ እሱን አስቁሚ።

ስኳር በባዶ ሆድ ይታይ፤ ቢያንስ 8 ሰዓት ከምግብ ተጹሞ። 126 (mg/dL) እና በላይ ሁለት የተለያየ ቀን ከተገኘ ስኳር በሽታ ነው። 100ን ካለፈ ደግሞ በየዓመቱ ይደገም። ግፊት ወይም ስኳር ካለ ክሬአቲኒን (ኩላሊትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና የሽንት ፕሮቲን በዓመት አንዴ ይጨመሩ፤ ኩላሊት ሲደክም ቶሎ አይናገርም።

ጾሙን «ተዪው» ብትያቸው አይሰሙሽም፣ መባልም የለበትም። ግን ግሊቤንክላማይድ የሚባለው የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የታዘዘለት ሰው ጠዋት ወስዶ እስከ 9 ሰዓት ካልበላ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ሰዓቱንና መጠኑን ሐኪሙ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ያስተካክለው፤ ከንስሐ አባታቸውም ጋር ይምከሩ። በጾም ወራት ከእንጀራው ይልቅ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ይብዛ፤ ጡንቻ የሚጠበቀው በዚያ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሚገኝ፣ ጾመኛ የሆነና ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን ለዓመታት የወሰደ ሰው እግሩን ከደነዘዘው ይህን ለሐኪሙ ያንሳ።

የጉልበት ሕመም ካላቸው ከፋርማሲ ምን እየገዙ እንደሆነ ጠይቂ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በየቀኑ ሲወሰዱ ግፊት ያንራሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ። ግፊቱ በመድኃኒት አልወርድ ሲል ከሚጠረጠሩት አንዱ ይኼ ነው፤ ሌላው ደግሞ «ተሽሎኛል» ብሎ ኪኒኑን ማቋረጥ። ከግፊት ኪኒኖቹ ኤናላፕሪል ደረቅ ሳል ካመጣባቸው፣ አምሎዲፒን እግር ካሳበጠ ይቀየርላቸዋል፤ ዝም ብሎ ማቆም መፍትሔ አይደለም።

ዓይን በየአንድ ሁለት ዓመቱ ይታይ። የዓይን ሞራ ራሱ ያስታውቃል፣ በቀዶ ሕክምናም ይነሳል። የዓይን ነርቭን የሚጎዳው ግላኮማ ግን እይታን ከዳር ጀምሮ ቀስ እያለ ይሰርቅና የጠፋው አይመለስም። ስለዚህ «አያለሁ» ቢሉም የዓይን ግፊትና የዓይን ነርቭ እንዲታይ ጠይቁ፤ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ።

አቅማቸውን ቤት ውስጥ መፈተን ትችያለሽ። ከወንበር ተነስተው 3 ሜትር ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጡ። 12 ሰከንድ ወይም በላይ ከፈጀ የመውደቅ አደጋ አለ። መድኃኒቱ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ሲሆን፣ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥም በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጨመር። የጎንደር ዳገት ለጉልበት ከባድ ከሆነ ሜዳ መንገድ ይምረጡ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላቸው ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል ከሄዱ ወጪው እናንተ ላይ ሊመጣ ይችላል። ሲሄዱም የሚወስዱትን ኪኒን በሙሉ፣ ጎረቤት የሰጠቻቸውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ።