ላሊበላን ለሌላ ጊዜ ተወው

በሦስት ቀን ደሴን፣ ሐይቅን፣ ባቲንና ላሊበላን አዳርሼ ከሰው ጋርም በደንብ እንድገናኝ ምን ላዘጋጅ ላልከው፦ ላሊበላን ከዕቅዱ አውጣው። መንገዱ ብቻ ቀንህን ይበላዋል።

ጉዞህን ከሰኞ ጋር አገጣጥመው። የባቲ ትልቁ ገበያ ሰኞ ነው፤ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። በጠዋት ግባ፣ ረፋዱ ላይ ፀሐዩ አይቻልም። ለደሴ ደግሞ ጋቢ ያዝ፣ ማታ ማታ ይበርዳል።

ሐይቅ ሙሉ ቀን ዋል። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፤ ከእህትህ ጋር ከሆንክ አስቀድመህ ንገራት።

ቡና ከጠሩህ ሰዓትህን አትይ። ከአቦል በኋላ ብድግ ካልክ ይከፋቸዋል። ወሎ ቡናው የሚያምረው ከነምርቃቱ ነው። እስከ በረካ ቆይተህ፣ «አሚን» ብለህ ተነሳ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ባቲ ላይ አንድ የግመል ነጋዴ ሳላስፈቅድ ፎቶ አነሳሁ። ሰውዬው አልተቆጣም። ትከሻው ላይ በጣላት ጨርቅ ፊቱን ሸፍኖ ዞረ። ያ ፎቶ ስልኬ ላይ በመጣ ቁጥር ይከነክነኛል። መጀመሪያ ሰላም በል፣ ስለ ግመሉ ጠይቀው፣ ተጫወቱ። ካሜራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል፤ እሱም እሺ ካለህ።