አሮጌ ቲለር ዋጋ ከማውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዱ የአሮጌ ቲለር፣ በእጅ ተይዞ መሬት የሚገለብጥ ባለ ሞተር ማሽን፣ ፎቶ ላከልኝ። «ጋሼ፣ ስንት ያወጣል?» ይላል። ቀለሙ ታድሷል፣ እጀታው ላይ አዲስ ጎማ ገብቷል። ዋጋ አልነገርኩትም። ቀለም አይቶ ዋጋ መናገር በሰው ገንዘብ መጫወት ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ ሞተር ስፈታና ስገጥም ከ30 ዓመት በላይ ሆነኝ። ይህን የምጽፍላችሁ አንድ ጊዜ ስላጠፋሁ ነው። አንዲት እናት ባለቤታቸው ሲያርፉ የቀረላቸውን ቲለር ይዘው መጡ። ማሽኑ ዓመት ሙሉ ቆሟል። ገመዱን ሦስት አራቴ ሳብኩት፣ እምቢ አለ። «ከብረት ዋጋ ብዙም አይዘልም» አልኳቸው። ቃሌን አምነው በዚያው ሸጡት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ማሽን ቦርከና ዳር የሽንኩርት መሬት ሲገለብጥ አየሁት። የገዛው ልጅ ያደረገው ካርቡሬተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ፣ ፈትቶ ማጠብ ብቻ ነው። ቤንዚን ሲቆይ እየደረቀ እንደ ሙጫ ይሆናል፤ ያቺን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናታል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። እኔ ግን አልከፈትኩትም። የልጆቻቸው የትምህርት ቤት ወጪ በእኔ ስንፍና ቀለጠ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አልነሳም ያለ ማሽን ሁሉ ሞቷል አትበሉ። የተነሳም ሁሉ ደህና ነው አትበሉ።

ስትደርሱ መጀመሪያ እጃችሁን ወደ ማርሚታው፣ ወደ ጭስ መውጫው፣ ጠጋ አድርጉ። ሞቅ ካለ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል። ቡና ጠጡና ይቀዝቅዝ። ሞተር ጉዱን የሚያወጣው ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው። ከዚያ ዘይቱን በመለኪያው አውጡና በሁለት ጣት መሀል አሹት። መጥቆሩ አያስፈራም። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ፀሐይ ላይ ስታዩት የብረት ብናኝ ካብለጨለጨ ውስጡ እየተበላ ነው። ካንዴላውን፣ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን ዕቃ፣ ፍቱት። ጫፉ ቡናማ ከሆነ እሰየው። በዘይት ከራሰ፣ ሲሠራም ሰማያዊ ጭስ ካወጣ፣ ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ ሳያልቅ አይቀርም፤ እሱ ገንዘብ ይበላል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ግን ሌላ ነገር ነው። ደሴ ላይ በብዛት የምታዩት እሱን ነው።

ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ግድም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል። ካርቡሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ይበዛበታል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላውን ያጠቁራል። ኃይሉም በየ300 ሜትሩ ከ3 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ደሴ ላይ ሩብ ያህሉ የለም ማለት ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ሲያነክስ ያያችሁት ማሽን ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ነፍስ ይዘራል። እዚህ የፈጠነው ደግሞ ደሴ ሲወጣ ይደክማል። ይህ በሽታ አይደለም። ከተቻለ የሚሠራበት ቦታ ሞክሩት። ካልተቻለ ይህን ሳትቆጥሩ በማሽኑ ላይ አትፍረዱ።

የመቆፈሪያው ጥርስ ማለቁ አያስጨንቃችሁ፣ ይለወጣል። ካምቢዮው፣ የማርሽ ሳጥኑ፣ ነው ዋናው። ካንዴላውን እንደነቀላችሁ ጥርሶቹን ያዙና ወዲህ ወዲያ ወዝውዟቸው። ዘንጉ በጣም ከተላወሰ ኩሽኔታው ሄዷል። የተበየደ ካምቢዮ ካያችሁ ከዋጋው ብዙ ቁረጡ። ሞተሩም የየትኛው ዓይነት እንደሆነ እዩ። የሆንዳ ጂኤክስ 160ና እሱን አስመስለው ቻይና የሚሠሩት፣ በየውሃ ፓምፑ ላይ የምታውቁት ሞተር፣ ብዙ ዕቃው ይገጣጠማል። ስፔሩ የሚገኝለት ማሽን፣ ቢያረጅም፣ ዋጋ አለው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሻጩ «በ15 ሺህ ነው የገዛሁት» ቢል ከዚያ አትነሱ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የድሮ ደረሰኝ የዛሬን ዋጋ አያሳይም። አዲሱ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ ሱቅ ጠይቁ። ለምሳሌ 60 ሺህ ነው እንበል። በደንብ ለሚሠራ አሮጌ እኔ ከግማሹ፣ ከ30 እነሳለሁ። ለዕቃና ለእጅ ዋጋ 7 ሺህ የሚፈጅ ከሆነ 23 ይቀራል። ፈትቼ ያላየሁት ነገር ካለ ትንሽ እቀንሳለሁ፣ ለምን እንደቀነስኩም ለሻጩ በግልጽ እነግረዋለሁ። ሰውየው ስለቸገረው ብቻ የምትቀንሱት ብር ግን አይኑር። ብልሽቱን ከነዋጋው ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስጡት፤ ሌላ ሰው ጋ ወስዶ ያስታያል።

ደግሞ ከየት እንደመጣ ጠይቁ። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ከከተማችን ስንት ንብረት እንደተዘረፈ ታውቃላችሁ። ደረሰኝ ባይኖር እንኳ ጎረቤት ይመስክር።

ፎቶ የላክህልኝ ልጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ነኝ። ማሽኑን ይዘኸው ና። ሳታስነሳው።