አልባኒያ ከፋሲካ በፊትና በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

የምኖረው ጣሊያን፣ ባሪ ነው። ማታ መርከብ ከያዝኩ ጠዋት ዱረስ ወደብ ነኝ፤ ስለዚህ አልባኒያ ለእኔ ጎረቤት ናት። ከማርች እስከ ሜይ ባለው ጊዜ መሄድ አስባችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ እነሆ መልሱ።

እኔ የአሜሪካ ፓስፖርት አለኝ፣ ባለቤቴ ግን የኢትዮጵያ ፓስፖርትና ግሪን ካርድ ነው ያላት። ቪዛ ያስፈልገናል?

አንተ አያስፈልግህም። አሜሪካዊ ያለ ቪዛ እስከ አንድ ዓመት መቆየት ይችላል። እሷም የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ ወይም የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው በሚገቡበት በር ትገባለች። ቢሆንም ደንብ ይቀያየራል፤ ቲኬት ሳትቆርጡ የአልባኒያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ያለውን የወቅቱን ዝርዝር እዩ። ሌላ አንድ ነገር፦ አልባኒያ ሸንገን ውስጥ የለችም። አንድ ጊዜ ብቻ በሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ጣሊያን ገብቶ ወደ ትራና ብቅ ያለ ሰው መመለሻ የለውም።

ለፋሲካ ሰሞን ከቴት ወደ ቫልቦና በእግር መሻገር እፈልጋለሁ። ይቻላል?

ተወው ወንድሜ። በሁለቱ የሰሜን ተራራ መንደሮች መካከል ያለው ማለፊያ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። «አዲስ አበባ እኮ ከዚያ ትበልጣለች» ብሎ የተከራከረኝ ልጅ አለ። እውነቱን ነው፣ ትበልጣለች፤ ትንፋሽም አያጥርህም። ጣጣው በረዶው ነው። ክረምቱን ሙሉ የተከመረው በረዶ ፀሐይ በማታገኘው ጎን እስከ ሜይ መጨረሻ፣ አንዳንዴም እስከ ጁን ይቆያል። ጠዋት ጠንክሮ ያንሸራትታል። ከሰዓት በኋላ ይላላና እስከ ጭን ይውጥሃል። ድንጋይ ላይ የተቀባው ቀይና ነጭ የመንገድ ምልክትም እዚያው በረዶ ሥር ተቀብሯል። በረዶ የሚነክስ፣ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስና መንገዱን የሚያውቅ ሰው ካልያዝክ አትሞክረው። በጁን አጋማሽ ግን ጠዋት ተነስተህ ከሰዓት ትደርሳለህ።

ቴት ድረስ በመኪና መሄዱም ቢሆን እንደ በረዶው ነው። ከሽኮድራ ከተማ ሳትነሳ ለምታድርበት ቤት ባለቤት ደውል። በኢንተርኔት «ክፍት» የተባለ መንገድ ትናንት ሌሊት የጣለውን አያውቅም።

ታዲያ ተራራ ሳናይ ልንመለስ ነው?

ማን አለ! የኮማን ሐይቅ አለላችሁ። ድሪን ወንዝ ላይ በተሠራ ግድብ ምክንያት ሸለቆው ውስጥ የተኛ ውኃ ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል። ከሽኮድራ ማለዳ በ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሚኒባስ ትይዛላችሁ፣ ጀልባው 3 ሰዓት ላይ ይነሳል። እኔ ከገደሉ ይልቅ ሰዎቹን ነው የማየው። ጀልባው ቤት በማይታይበት ዳገት ሥር ጠጋ ይላል። አንድ ሽማግሌ ዱቄታቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ድንጋዩ ላይ ይወርዳሉ። በቀጭኗ መንገድ ሽቅብ ሲሄዱ ጀልባው ተነስቷል። ቤታቸው የት እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ወደ ደቡብ ውረዱ። በኤፕሪል ደቡቡ አረንጓዴ ነው። ፐርሜት አካባቢ በ2023 ብሔራዊ ፓርክ የሆነው የቪዮሳ ወንዝ አለ፤ ቤንያ ሄዳችሁ በቱርኮች ዘመን ድልድይ አጠገብ ፍል ውኃ ውስጥ መቀመጥ ትችላላችሁ። የኦሱም ሸለቆን በጎማ ጀልባ ለመውረድም ትክክለኛው ጊዜ ይኸው ነው፤ በጋ ሲገባ ውኃው ይጎድላል። ባሕር ለመዋኘት ግን ገና ነው።

እናቴን ይዤ ነው የምሄደው። ጉልበቷ ደከም ይላል።

በራትና ጂሮካስትራ ሁለቱም ዩኔስኮ የመዘገባቸው ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም ዳገት ናቸው። የበራት ግንብ ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል፣ ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናትም ስላሉ እናትህ ይወዱታል። ግን የመንገዱ ድንጋይ ስንት ዘመን ተረግጦ ለስልሷል፤ ዝናብ ሲነካው አደገኛ ነው። እስከ በሩ በታክሲ ውጡ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ይኑራቸው።

የጾም ምግብ አገኛለሁ?

ታገኛለህ። የባቄላ ሾርባቸው ጥሩ ነው፤ የወይራ ፍሬ፣ የተጠበሰ ቃሪያና ዳቦ የትም አይጠፋም። ቢሬክ የሚባለው፣ በስስ ሊጥ ውስጥ ነገር ተደርጎ የሚጋገረው ላይ ተጠንቀቅ። ስፒናች ነው ብለው የሰጡህ አይብም ሊኖርበት ይችላል። ቡናቸው የጣሊያን ነው፤ ማኪያቶ ካልክ ይገባቸዋል።

ገንዘቡ ያደናግራል ይባላል?

ቁጥሩ ነው የሚያደናግረው። በ1965 ከገንዘባቸው ከሌክ ላይ አንድ ዜሮ ተቀነሰ፤ ብዙ ሰው ግን እስከ ዛሬ በአሮጌው ይቆጥራል። ሻጭ «አንድ ሺህ» ቢልህ 100 ሌክ ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ወደ አንድ ዩሮ ገደማ ነው። ሊያጭበረብርህ እንዳይመስልህ። «አዲሱ ነው አሮጌው?» ብለህ ጠይቅ። ተራራ ላይ ካርድ አትመን፣ ጥሬ ገንዘብ ያዝ። የተረፈህን ሌክ ከመውጣትህ በፊት ጨርሰው፤ ውጭ የሚመነዝርልህ አታገኝም።

ጥቁር መሆናችን ችግር ያመጣል?

ያፈጣሉ፤ በተለይ ገጠር። እኔ የገጠመኝ ከዚያ አላለፈም፤ አፍጥጠው ሲያበቁ «ከየት ነህ?» ነው፣ ከዚያ ቡና። ኢትዮጵያ ስትላቸው አንዳንድ አዛውንት ሙሶሎኒን ያነሳሉ። የጣሊያኑ ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት»፣ በ1939 ደግሞ «የአልባኒያ ንጉሥ» ነኝ ብሎ ነበርና፣ ወሬ አይጠፋም።

ፋሲካን እዚያ ማክበር ይቻላል?

የኦርቶዶክሶቹ ፋሲካ ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ኮርቻ ወደምትባለው ከተማ ሂዱ፤ ሌሊቱ በሻማ ነው። የኮሚኒስቱ መሪ ኤንቨር ሆጃ በ1967 ሃይማኖትን ጨርሶ አግዶ ነበር፤ ስለዚህ የምታዩት ካቴድራል አዲስ ነው። ቤተ ክርስቲያኗን መልሰው ያቆሙት በ2025 ያረፉት ሊቀ ጳጳስ አናስታሲዮስ ናቸው። ከዚያ በፊት ምሥራቅ አፍሪካ ነበር የሚያገለግሉት።

ማርች 14 ትራና እደርሳለሁ። ሱቅ ይዘጋል?

የበዓል ቀን ነው፣ ብዙ ቢሮ ይዘጋል። ብርዱ ወጣ ብለው ነው የሚያከብሩት። ከቻልሽ ኤልባሳን ሂጂ፤ የበዓሉ እምብርት እዚያ ነው። ባሎኩሜ የሚባል የበቆሎ ዱቄት ብስኩት ይሰጡሻል። ቅቤና እንቁላል አለበት፣ እኛ ደግሞ ያኔ ጾም ላይ ነን፤ ተቀበዪና ሆቴል ላሉት ልጆች አድዪው።