«ሰፈሩ ጥቁር ይበዛበታል?» ለምትሉ ቤት ገዢዎች

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤት ለመግዛት ያሰበ ወገን ሲደውልልኝ ስለ ወለድና ስለ ዳውን ፔይመንት (ቅድመ ክፍያ) ካወራን በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰፈሩ ግን ጥቁር ይበዛበታል?» ይለኛል። ሌላው ደግሞ «ነጮች መግባት ጀምረዋል አሉ፤ ሳይወደድ ልግባበት?» ይላል። ሁለቱም የሰው ቀለም ቆጥረው የቤት ዋጋ ሊገምቱ ነው። እባካችሁ በዚህ መንገድ ቤት አትግዙ።

ሪልተራችሁንም (የቤት ደላላችሁን) ይህን አትጠይቁት። በ1968 የወጣው የፌዴራል የቤት ሕግ (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ እየጻፍኩ ነው) ገዢን በዘሩ እየለዩ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ሰፈር መምራትን ይከለክላል። ሥራውን የሚያውቅ ሪልተር አይመልስላችሁም። «አታስብ፣ ጥሩ ጥሩ ሰዎች ናቸው ያሉበት» ብሎ በጆሯችሁ የሚያንሾካሹክ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ነገ ስለ እናንተም ለሌላ ገዢ እንደዚያው ያንሾካሹካል።

ቁጥሩ እንደሆነ የተደበቀ አይደለም። በ1970 ከዲሲ ነዋሪ 71 በመቶው ጥቁር ነበር። በ2011 ከግማሽ በታች ወረደ፤ በ2020 ቆጠራ 41 በመቶ ገደማ ሆነ። ቁጥሩ ግን ለምን እንደተለወጠ አይነግራችሁም። ለምሳሌ ጥቁሮች ይኖሩባቸው የነበሩት ዩ ስትሪትና 14ኛው ስትሪት በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ ሰሞን በተነሣው ሁከት ተቃጥለው ለብዙ ዓመታት ሳያገግሙ ኖረዋል። በ1991 የሜትሮ ጣቢያው ተከፈተና ገንዘብ ቀስ በቀስ ተከትሎት መጣ። የእኛ ሰዎችም አዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሲወደድባቸው ወደ 9ኛውና ዩ ስትሪት ወርደው ምግብ ቤት የከፈቱት ሰፈሩ ገና ርካሽ ሳለ ነው። ኋላ እዚያም ኪራይ ሲንር ብዙዎቹ ከዲሲ ውጭ ወዳሉት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ሄዱ። ሕንፃውን የገዛ ዋጋ ሲወጣ ተጠቀመ፤ የተከራየ ዕቃውን ጫነ። ነጮች በርክተው ስታዩ የምትገዙት እንግዲህ አስቀድሞ የወጣውን ዋጋ ነው።

አሁን ብዙ ሀበሻ ወደሚጠይቀኝ የዲሲ ሰፈር፣ ወደ ብሉሚንግዴል ልውሰዳችሁ። ቀያይ ጡብ ያላቸው፣ ግድግዳ የሚጋሩ ሮው ሀውሶች ናቸው። ድሮ በብዙዎቹ ቤቶች ውል ላይ ቤቱ ለጥቁር እንዳይሸጥ የሚከለክል ቃል ተጽፎ ነበር። ጄምስና ሜሪ ኸርድ የሚባሉ ጥቁር ባልና ሚስት በ1944 ብራያንት ስትሪት ላይ ቤት ሲገዙ ነጭ ጎረቤቶቻቸው ከሰሷቸው፣ ታችኛው ፍርድ ቤትም ልቀቁ ብሎ ፈረደባቸው። ጠበቃቸው ቻርልስ ሀሚልተን ሂውስተን ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አደረሰውና በ1948 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ውል ማስፈጸም እንደማይችሉ ተወሰነ። ያንን ውል የጻፉት ሰዎች እኔንና እናንተን ቢያዩ ከኸርዶቹ አይለዩንም ነበር። ዛሬ እዚያ መንገድ ላይ ቤት ገዝተን በስማችን የምንፈርመው እነሱ ተከሰው፣ ተሟግተው ነው። ስለዚህ «ጥቁር ይበዛበታል?» የሚለው ጥያቄ ከሀበሻ አፍ ሲወጣ ያመኛል። በ2005 9ኛው ስትሪትን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ለማሰኘት ሲሞከር ከነባሮቹ ጥቁር አሜሪካውያን አንዳንዶቹ ተቃውመው ነበር። ብዙዎቻችን ተቀየምን። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር በሌላ ስም ሊጠራ ነው ሲባል ለእነሱ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን ማሰብ ይገባን ነበር።

እነዚያን ነባሮች ማወቅ ለኪሳችሁም ይበጃል። በ2012 ሐምሌ ብሉሚንግዴል ደጋግሞ በጎርፍ ተመታ፤ የፍሳሽ ቱቦው ሞልቶ ወደየቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ገነፈለ። ከተማው ከዚያ በኋላ ትልልቅ የውሃ መውረጃ ዋሻዎች ሠርቷል። ቢሆንም አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ የሚሸጥ ነጋዴ የትኛው ቤት ውሃ ገብቶበት እንደነበር ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅም አዲስ ግድግዳ ለጥፎ ነጭ ቀለም ይቀባበታል። በጎረቤት በረንዳቸው ላይ የተቀመጡት ነባር እናት ግን ያውቃሉ። ቤቱን ለማየት ስትሄዱ መጀመሪያ እሳቸውን ሰላም በሉ፣ ስማችሁን ንገሩ፣ «እዚህ ቤዝመንት ውሃ ገብቶ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ወደ ታች ወርዳችሁ ከግድግዳው ግርጌ ጎንበስ በሉና አሽትቱ። እድሳቱ ፈቃድ ወጥቶለት እንደሆነም ከከተማው የሕንፃ መሥሪያ ቤት አጣሩ። ኢንስፔክሽኑን (የቤት ፍተሻውን) ትታችሁ ለመግዛት የሚገፋችሁን ሰው አትስሙ።

እቁባችሁን ለዳውን ፔይመንት ያሰባችሁ ደግሞ ልብ በሉ። አበዳሪው ብዙውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የባንክ መግለጫ ያያል፤ በድንገት የገባ ወፍራም ብር ካየ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። አበዳሪው እቁብ ማለት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ እቁቡም የጽሑፍ ማስረጃ የለውም። ስለዚህ እቁቡ ቀደም ብሎ እንዲደርሳችሁ ተነጋገሩና ገንዘቡን ከማመልከታችሁ ብዙ ወራት በፊት ባንክ አስገቡ። ከወንድማችሁ የተበደራችሁትን ስጦታ ነው ብላችሁ አትፈርሙ፤ ወንጀል ነው።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር፣ ከእኛም መካከል የአዛውንቶችን በር እያንኳኩ «በካሽ እገዛለሁ» የሚሉ ተነስተዋል። የቤቱ ባለቤት ባሏን ቀብራ ልጆቿ ርቀውባት ይሆናል፤ የቤቷንም የዛሬ ዋጋ ላታውቅ ትችላለች። ቤቷን ከወደዳችሁት የራሷን ጠበቃ ወይም ሪልተር ይዛ ትደራደር፣ እናንተም የገበያውን ዋጋ ክፈሉ።

ከገዛችሁ በኋላ ግብሩ ይመጣል። በዲሲ የአብዛኛው መኖሪያ ቤት ግብር ከተገመተው ዋጋ ከየ100 ዶላሩ 85 ሳንቲም ነው፤ የ700 ሺህ ዶላር ቤት በዓመት 5,950 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ራሳችሁ የምትኖሩበት ከሆነ ሆምስቴድ የሚባለውን ቅናሽ አመልክቱ። ግብር የሚሰላበትን ዋጋ ይቀንሳል፤ በየዓመቱም ከ10 በመቶ በላይ እንዳይጨምር ይገድባል። ካላመለከታችሁ ግን ማንም አይሰጣችሁም። 65 ዓመት ለሞላቸውና ገቢያቸው ከተወሰነው ጣሪያ በታች ለሆነ ባለቤቶች ደግሞ ግብሩ በግማሽ ይቀነሳል። ይህንን ከጎናችሁ ላሉት እናት ንገሯቸው፤ ቅጹን ለመሙላት ከከበዳቸውም አብራችኋቸው ተቀመጡ።